በወንፈል የሠለጠነ እጅ

ሰው ጉልበቱን ለሰው ሊያውስ ይችላል፤ የእጁን ትምህርት ግን ለማንም ሊያውስ አይችልም። ማሳ በማን ማጭድ እንደታጨደ እህሉ አይጠይቅም፤ የታመመ ገላ ግን የገባበት እጅ የተማረ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ወዲያው ያውቃል። ስለዚህ ሌላው በለፋበት ልምምድ የራሱን ስም አስመዝግቦ በበሽተኛ ፊት የሚቆም ሐኪም አልጋው ላይ የተኛውን ሰው ያታልላል፤ ቅጣቱም አይቀርለትም። በቆቦ የሆነው ነገር ይህንኑ ያስረዳል።

በ2010 ዓ.ም. መባቻ፣ ማሽላው ገና ዛላ ሳይዝ፣ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ለከተማው ሐኪሞች የልምምድ ማሽን በውሰት ላከ። ማሽኑ ቀዶ ሕክምናን ሆድ ሳይከፍቱ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ቀጫጭን መሣሪያና ካሜራ አስገብተው ለሚሠሩ ጀማሪዎች የተዘጋጀ ነበር። ተለማማጁ ጥቁር መነጽር ዓይኑ ላይ ያስራል፤ ሁለት እጀታዎች ይጨብጣል። ያን ጊዜ የቆላው ሙቀት፣ የአውራ ጎዳናው የጭነት መኪና ጥሩምባና የጣሪያው ማራገቢያ ሲጢጥታ ሁሉ ይጠፉና ራሱን ብርሃን በሞላው ሆድ ውስጥ ያገኘዋል። ጉበት ከፊቱ ተዘርግቷል፤ ከጉበቱም ሥር የሐሞት ከረጢት ተንጠልጥሏል። ሁሉም ነገር ምናብ ነው፤ ሲቆርጡት ግን ይቆረጣል፣ ሲወጉትም ይደማል። ልምምዱ ሲያበቃ ማሽኑ የተለማማጁን ስምና ያገኘውን ነጥብ በግድግዳው ላይ በተሰቀለው የምስል መስኮት ያወጣል።

ማሽኑን ለምነው ያስመጡት ዶክተር ወልደ ሚካኤል ነበሩ። እኚህ አንጋፋ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ኮት የሚለብሱ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጡም መደገፊያውን የማይነኩ ሰው ናቸው። ሦስት ወጣት ሐኪሞች መርጠው በማሽኑ ፊት አቆሙና እንዲህ አሉ፦

"ማንም በሌላው ስም ማሽኑ ውስጥ እንዳይገባ። ከኅዳር በኋላ እውነተኛው መሣሪያ ይመጣል። ከሦስታችሁ የበለጠው ሰው የመጀመሪያውን የሐሞት ጠጠር ከእኔ ጋር ሆኖ ያወጣል፤ ከዚያም ለሙሉ ሥልጠና ይላካል። የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነው።"

ይህን አንድ ጊዜ ተናገሩ። ሁለት ጊዜ መናገር ልማዳቸው አልነበረም።

ከሦስቱ አንዷ የዋጃዋ ኢቅራ ነበረች። እናቷ ከዓመታት በፊት ለዚሁ ሕመም ሆዳቸው ከጎን እስከ ጎን ተቀዶ፣ ቁስሉ ክፉኛ ስላመረቀዘ ከዚያ ወዲህ እንስራ ማንሣት አልቻሉም። ስለዚህ ኢቅራ ያንን አንድ ቦታ የፈለገችው ለክብር ብላ ብቻ አልነበረም። ነገር ግን ግራ እጇ አላገዛትም። ቀኟ የታዘዘውን ይሠራል፤ ግራዋ ግን እንደ ሠርግ እንግዳ ቁጭ ብሎ ያያል። ከልጅነቷ ጀምሮ በግራዋ በልታ፣ በግራዋም ለሰው ዕቃ አቀብላ አታውቅም። ማሽኑ ደግሞ ሁለቱንም እጆች እኩል ይጠይቃል፤ ይባስ ብሎም እጀታው ወደ ቀኝ ሲገፋ የመሣሪያው ጫፍ ወደ ግራ ይሄዳል።

"ደግሞ ገደልሽው?" አላት መንሱር ከኋላዋ ቆሞ። መንሱር የሮቢት ገበሬ ልጅ፣ ሳቅ የማይጠፋው ሐኪም ነው።

"ደማ እንጂ አልሞተም" አለች መነጽሩን ሳታወልቅ።

"ደምቶ ዝም ካለ ሞቷል። ታደሰ ምስኪን፣ ከጠዋት ጀምሮ ስንቴ ቀበርነው።"

ታደሰ የማሽኑ በሽተኛ ነው። በገደሉት ቁጥር ቁልፍ ሲጫኑለት ደህና ሆኖ ስለሚነሣ ይህን ስም ያወጣለት መንሱር ነበር።

"ለኢቅራ ሲባል ለታደሰ ዕድር እናቁምለት" አለ ሦስተኛው ተለማማጅ፣ አራጌ። አራጌ የጎብዬ ልጅ ነው፤ መልከ መልካም፣ ምላሰ ቀና፣ ቋጠሮ በመቋጠርም ከሁሉ የፈጠነ። ክሩን በመሣሪያው ጫፍ ጠምዝዞ ሲያስር ለሚያየው ሰው ጨዋታ ይመስላል። የሐሞቱን ቱቦ መቆንጠጥና ከረጢቱን ከጉበት መላጥ ግን አይሆንለትም፤ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነውና። መንሱር ደግሞ ለመላጥ ተወዳዳሪ የለውም፤ ቋጠሮው ግን ሁልጊዜ ይፈታበታል።

አንድ ቀን ዶክተር ወልደ ሚካኤል ለሥራ እንደወጡ አራጌ ወንበሩን ወደ ሁለቱ አስጠጋ።

"እኔ እምለው፣ አባቶቻችን ማሽላውን እንዴት ነው የሚያነሡት?"

"በማጭድ ነዋ" አለ መንሱር።

"በወንፈል ነው እንጂ። ዛሬ እነ እገሌ የእኛን ያጭዳሉ፣ ነገ እኛ የእነሱን። ብቻውን የሚያጭድ ሰው እህሉን ወፍ ይበላበታል። እኛስ ለምንድን ነው ብቻ ለብቻ የምንዳክረው? እኔ የመንሱርን ቋጠሮ ልቋጥርለት፤ መንሱር የእኔን ሐሞት ይላጥልኝ። ኢቅራም ትግባ፤ እሷ ገና ያልደረሰችበትን እንሠራላታለን፣ እሷ ደግሞ የእኛን የተረኛ ሥራ ትያዝልን።"

"በማን ስም?" አለች ኢቅራ።

"በባለ ማሳው ስም ነዋ። የሰው እርሻ አጭደሽ ለራስሽ ትከምሪያለሽ እንዴ?"

መንሱር በሳቅ ፈረሰ፤ ነገሩም ደስ አለው። በራያ ቆላ ወንፈል እንቢ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። የኢቅራ አባት ወንፈል ቀርተው አያውቁም፤ የቀረውን ሰው ደግሞ ጎረቤት እንደ ንፉግ ያየዋል። ኢቅራም ይህን አስባ አፏን እንቢታ ከበደው።

"ነገ እነግራችኋለሁ" አለች።

በማግሥቱ ወይዘሮ ኡሙሃኒ ለምርመራ መጡ። ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ በየገበያው የሚታወቁ፣ ድምፃቸውም እሳቸው ከመድረሳቸው በፊት የሚደርስ። በሐሞታቸው ውስጥ ጠጠር አለ፤ የመጀመሪያውን የቀዳዳ ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ የተመረጡትም እሳቸው ናቸው። ኢቅራ የመድኃኒት ማዘዣ ጻፈችላቸውና፣ ሐሳቧ ማሽኑ ላይ ስለነበረ፣ ወረቀቱን በግራ እጇ ዘረጋች። ኡሙሃኒ ወረቀቱን አዩት እንጂ አልተቀበሉትም።

"ልጄ፣ ተጣልተን እናውቃለን? በግራ ትሰጪኛለሽ?"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ" አለች ኢቅራ በቀኟ እያቀበለች፤ "ግራ እጄን ትምህርት ቤት አስገብቼው ነው። የምለማመድ እየመሰለኝ ቀደመኝ።"

ኡሙሃኒ ወንበሩ እስኪንቋቋ ድረስ ሳቁ። "ግራ እጅ ምን ይማራል?"

"እርስዎ ሆድ ውስጥ የሚገባው በሁለቱም እጅ ነው። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይቆርጣል። ማሽን ላይ ነው የምንማረው።"

"ማሽኑም እንደ እኔ ያመዋል?"

"ይደማል፤ ግን ቁልፍ ስንጫንለት ይነሣል።"

ኡሙሃኒ ሳቃቸውን ተዉ። የኢቅራን ሁለት እጆች ያዙና በሽንኩርት ልጣጭ በሻከረ መዳፋቸው አገላበጧቸው። "እኔ ቁልፍ የለኝም፣ ኢቅራዬ" አሉ። "እንግዲያው ይማር ግራሽ። ሲማር ግን ራሱ ይማር፤ ሌላ ሰው ተምሮለት ሆዴ ውስጥ እንዳይገባ። አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ ይሆንልሻል።"

ኢቅራ ከዚያ ክፍል ስትወጣ መልሷ ተገኝቶ ነበር።

"ወንፈሉ ይቅርብኝ" አለች ለሁለቱ።

"የዋጃ ሰው እንዲህ ነው?" አለ አራጌ። "አባትሽ ሲሰሙ ያፍራሉ።"

"አባቴ የሚያጭደው ማሽላ ነው። እትዬ ኡሙሃኒን ለማጨድ ወንፈል አልገባም።"

"ማንስ እሳቸውን አለ? የምናጭደው ታደሰን ነው" አለ መንሱር፤ ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ ግን የሁለቱን ውል አላስቀረም።

ከዚያ ወዲያ የኢቅራ ስም ከግድግዳው መስኮት ግርጌ ተቀመጠ፤ አልተነሣም። አራጌ በራሱ ስም ይገባና ይቋጥራል፤ ለመላጡ መነጽሩን ለመንሱር ያስርለታል። መንሱርም በተራው እንዲሁ ያደርጋል። የሁለቱ ነጥብ እንደ ኅዳር ዛላ ሞላ። ኢቅራ ግን በቤቷ ምስር በወረንጦ በግራዋ ትለቅማለች፣ የነጠላዋን ዘርፍ በግራዋ ትቋጥራለች፣ ጠዋት መጥታም ታደሰን ታደማለች። ቀስ በቀስ መድማቱ ቀነሰ። አንድ ቀን ጨርሶ ሳይደማ ከረጢቱ ተላጠላት፤ መነጽሩን አውልቃ ስትዞር ክፍሉ ውስጥ የሚያያት ሰው አልነበረም። ለብቻዋ ሳቀችና ከመጀመሪያው ጀመረች። ጥሩ ሠራች፤ ግን ዘገምተኛ ነበረች፤ ማሽኑም ለዝግታዋ ነጥብ ይቀንስባት ነበር።

እውነተኛው መሣሪያ የመጣው የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ነው። ዶክተር ወልደ ሚካኤል ሦስቱን ሰበሰቡ።

"በግድግዳው ላይ ያለው ነጥብ የየራሳችሁ እጅ ነው?" ብለው ጠየቁ።

"የራሴ ነው፣ ዶክተር" አለ አራጌ ሳይዘገይ። ኢቅራም የራሷ መሆኑን ተናገረች። መንሱር ግን የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ክሩ አልተፈታም ነበር።

"እንግዲያው አራጌ ይበልጣል። ማክሰኞ በወይዘሮ ኡሙሃኒ ፊት ከእኔ ጋር ትቆማለህ።"

ኢቅራ ውላቸውን ታውቃለች። ብትናገር ቅናት ነው ይሏታል፤ ዝም ብትል ማክሰኞ ይመጣል። ልትናገር አፏን ስትከፍት ዶክተሩ እጃቸውን አነሡ።

"አልጨረስሁም። ሰው ከመንካታችን በፊት በግ እንነካለን።"

ከጠረጴዛው ሥር ቀዳዳዎች ያሉት ሣጥን አወጡ። በሣጥኑ ውስጥ የበግ ጉበት ከነሐሞቱ ተቀምጧል፤ ካሜራው የሚያየውን መስኮቱ ያሳያል። አራጌ ሣጥኑን አይቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ዶክተር፣ ጾም ነው እኮ። የክርስቲያን ሉካንዳ ሁሉ ተዘግቷል፤ ይህ ጉበት ከእስላም ሉካንዳ የመጣ መሆን አለበት። ባልነካው ደስ ይለኛል።"

"ብላው አልሁህ?" አሉ ዶክተሩ። "እኔም ጾመኛ ነኝ። ትናንት የሰው ሆድ ስከፍት ግን ጾሜ አልተሻረም። ጀምር።"

አራጌ ጀመረ። ቱቦውን ለመቆንጠጥ ሞከረ፤ መሣሪያው ሁለት ጊዜ አንሸራተተው። ከረጢቱን ከጉበቱ ሊለየው ሳብ አደረገ፤ በትዕግሥት መላጥ ሲገባው ጫን አለበት። ያን ጊዜ ከረጢቱ ተቀደደ፤ ሐሞቱም ካሜራው ላይ ተረጨ፣ መስኮቱም እንደ ክረምት ሣር አረንጓዴ ሆነ። ደንግጦ መሣሪያውን ሲመዝዘው የተረፈው በነጭ ጋዋኑ ላይ አረፈ። መንሱር ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ።

"የበጉ ሐሞት ስስ ነው" አለ አራጌ።

"ጥፋቱ የበጉ ነው ማለትህ ነው?"

"በማሽኑ ላይ እንዲህ አይደለም።"

"መልካም። ወደ ማሽኑ ግባ።"

አራጌ መነጽሩን አሰረ። ብዙም ሳይቆይ የግድግዳው መስኮት ቀላ። ታደሰ ደማ፤ ከዚያም ሞተ።

"ትናንት ከሁሉ የበለጠው እጅ ይህ ነው?" አሉ ዶክተሩ።

"ዛሬ ትንሽ አሞኛል።"

መንሱር ከተቀመጠበት ተነሣ። "አላመመውም፣ ዶክተር" አለ። "እጁ እኔ ጋ ነው። የእኔም እጅ እሱ ጋ ነው። ወንፈል ገብተን ነበር፤ እኔ ስላጥለት፣ እሱ ሲቋጥርልኝ ከረምን።"

ዶክተር ወልደ ሚካኤል ለመንሱር መርፌና ክር አቀበሉት። መንሱር ቋጠረ፤ ቋጠሮው በራሱ ጊዜ ተፈታ። ሁለተኛውም ተፈታ።

"ወንፈል መልካም ነገር ነው" አሉ ዶክተሩ። "እኔ ትምህርት ቤት ስውል የአባቴን ማሽላ ያነሣው ወንፈል ነው። ማሽላ ግን ቢበላሽ ለከርሞ ይዘራል።" ወደ አራጌ ዞሩ። "ማክሰኞ በወይዘሮ ኡሙሃኒ ፊት ስትቆም፣ መንሱርን የት ልታቆመው ነበር?"

አራጌ መሬት መሬት እያየ መለሰ። "ረዳት እንዲሆነኝ ልለምንዎ ነበር።"

"እኔ እንቢ ብልስ?"

አራጌ ሐሞት የፈሰሰበትን ጋዋን አወለቀ።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ጉበት በሣጥኑ ውስጥ ተቀመጠና ኢቅራ ተጠራች። ቢስሚላህ ብላ መሣሪያዎቹን ያዘች። ግራዋ ከረጢቱን ያዘው፤ ቀኗ ቱቦውን ቆነጠጠ፣ ቆረጠ። መላጥ ስትጀምር ፀሐይ የክፍሉን መስኮት አልፋ ነበር። የመንሱር ሆድ በረሃብ ጮኸ፤ ማንም አልሳቀበትም። በመጨረሻም ከረጢቱ ሙሉ እንደ ሆነ፣ ጠብታ ሳይፈስበት፣ ሰሐኑ ላይ ተቀመጠ።

ዶክተር ወልደ ሚካኤል ጎንበስ ብለው አዩት።

"ዘገየሽ" አሉ።

"አዎን፣ ዶክተር።"

"ማክሰኞም እንዲሁ ዘግዪ።"

ማክሰኞ ኢቅራ ዘገየች። ዶክተሩ ከጎኗ ቆመው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ይህን እንደ ምርቃት ቆጠሩት። የኡሙሃኒ ጠጠር ወጣ፤ ሆዳቸው ላይ የቀረው የጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ምልክት ብቻ ሆነ። ሲነቁ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ሕመሙ አልነበረም።

"የትኛው እጅሽ ነው የገባው?"

"ሁለቱም፣ እትዬ።"

"አልሐምዱሊላህ። ግራውስ እንዴት ነበር?"

"ታዛዥ ሆኗል።"

ጠጠሩን በብልቃጥ አሳየቻቸው። ኡሙሃኒ ወደ ብርሃን አንሥተው መረመሩት። "ይህችን ነው ስሸከም የኖርሁት? በገበያ ብዘረጋት ዞር ብሎ የሚያያት የለም" አሉ።

ማሽላው ተነሥቶ ሳያልቅ ወደ ገበያቸው ተመለሱ። አንድ ቀን ትልቅ የሽንኩርት ጉንጉን ይዘው መጡና ኢቅራን በመተላለፊያው ላይ አገኟት። ኢቅራ ቀኟን ዘረጋች። ኡሙሃኒ ጉንጉኑን ወደ ኋላ ሳቡት።

"በግራሽ ተቀበዪ" አሉ። "ዛሬ ተመርቋል።"

በመተላለፊያው የነበረ ሁሉ ሳቀ፤ ኢቅራም እየሳቀች በግራዋ ተቀበለች። በጥር ወር ለሙሉ ሥልጠናው የተላከችው እሷ ናት።

መንሱር እውነቱን በገዛ ፈቃዱ ስለተናገረ ከልምምዱ አልተባረረም፤ ነገር ግን ያገኘው ነጥብ ሁሉ ተሰርዞበት ከመጀመሪያው ልምምድ እንዲጀምር ታዘዘ። ማሽኑ እስኪመለስ ድረስ ሲቋጥርና ሲፈታበት ከረመ፤ በስተመጨረሻ ግን ቋጠሮው ጸና።

አራጌ ተጠይቆ ስለ ዋሸ፣ የበሽተኛዋንም ሆድ ባልተማረ እጁ ሊነካ ስለ ተስማማ፣ ስሙ ከሠልጣኞቹ መካከል ተሰረዘ። ወደ ተመላላሽ ሕመምተኞች ክፍል ተመለሰ፤ ለሁለት ዓመትም ለቀዶ ሕክምና ሥልጠና እንዳያመለክት ተከለከለ። ልምምዱ እስኪያበቃ ድረስ ሐሞት የፈሰሰበትን ሣጥን በየቀኑ ያጠበው እሱ ነው፤ በዚህ ሥራ ማንም በወንፈል እንዳያግዘው ዶክተር ወልደ ሚካኤል ከልክለው ነበር።